የሸለመጥማጥ ቅናት

እኔ ሥጋ ሻጭ ነበርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ አሳማ ስበልት፣ አንጀት ሳጥብ ኖሬያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ጫካ እየገባሁ ከርከሮ አድናለሁ። አፍንጫዬ ቅንጡ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ ሸተተኝ ስል እውነት ሸትቶኝ እንደሆነ እንድታውቁልኝ ነው። ስሜ ክሌመንስ ይባላል።

ጎረቤቴ አኔግሬት ሰው ሠራሽ ጥርስ የምትሠራ ሴት ናት። ከባሏ ከተለያየች ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች። የእሷና የእኔ ጋራዥ ጎን ለጎን ነው፤ ጣሪያቸውም አንድ ነው። መኪና የላትም። ያላት ግራጫ ሞተር ሳይክል ነው፤ እሷንም እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምታያት። በየሳምንቱ መጨረሻ በእሷ ኮረብታውን ተሻግራ ወደ አባቷ ትሄድ ነበር። አባቷ ሽማግሌው ሄሪበርት ሚስቱን ከቀበረ በኋላ ከመንደር ጫፍ ባለው የድሮ የእርሻ ቤቱ ብቻውን ቀርቷል። ስኳር አለበት፤ እግሩ ላይም አልሽር ያለ ቁስል።

በየካቲት አኔግሬት በረዶ ላይ ተንሸራታ ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ሐኪሞቹ በብሎን አያያዙላትና እስከ ሐምሌ መንዳት የለም አሏት። ወደ አባቷ መንደር ደግሞ ቅዳሜና እሑድ አውቶቡስ አይወጣም። እኔ ላድርስሽ ብላት፣ አባቷ በስልክ «በዚያ እግርሽ እኔ ደረጃ ላይ ደግመሽ ልትሰበሪ ነው? አርፈሽ ተቀመጪ» ብሎ ከለከላት። እዚህ ላይ ነው ወንድሟ ኡዶ ብቅ ያለው።

ኡዶ ታናሿ ነው። አፉ ማር ነው። የገባበት ቤት ሳቅ ይሞላል፣ ሲወጣ ግን ቢራው ያልቃል።

«አኔ፣ ሞተር ሳይክልሽን ስጪኝ» አላት። «ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እሄዳለሁ። አድሬ፣ አባዬን አጥቤ፣ ቁስሉን ጠራርጌ፣ አብስዬ እሑድ ማታ እመልስልሻለሁ። በሳምንቱ መሀል ቤት ለቤት የምትዞረው ነርስ አለች፣ ቅዳሜና እሑድ እኔ አለሁ። አንቺ እግርሽን ስቀዪና ተኚ።»

ሰጠችው። ቁልፉን ብቻ አይደለም። በክራንች እያነከሰች ምስር በሥጋ ትቀቅላለች፣ የዶሮ ሾርባ ትሠራለች፣ በጠርሙስ በጠርሙስ ታሽጋለች። የታጠበ አንሶላ፣ ፋሻ፣ ቅባት፣ አባቷ የሚወደው የፕሪም ማርማላታ፣ ሁሉንም በሞተር ሳይክሉ የጎን ሣጥኖች እየጠቀጠቀች ታስይዘዋለች። ማታ ለአባቷ ትደውላለች፤ «ደህና ነኝ፤ ኡዶ ይንከባከበኛል» ይላታል። ደስ ይላታል። እኔም «ይሄ ልጅ ለካ ሰው ሆኗል» ብዬ ነበር።

በግንቦት አንድ እሑድ ኡዶ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገና «ሞተር ሳይክልሽ ታማለች» አለ። «ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ የሞተር ቅርጽ ያላት ቢጫ መብራት ትበራለች፣ ደግሞ ትጠፋለች። ልክ እንደ ቀድሞ ሚስቴ። ምን እንደሚያስቆጣት አይታወቅም፣ ምን እንደሚያበርድላትም አይታወቅም።»

ሦስታችንም ሳቅን። ያን ሳቅ አሁን ሳስታውሰው ምራቄ ይመርረኛል።

አኔግሬት መጀመሪያ ወደ ጥገና ጋራዥ ወሰደቻት፤ ማለቴ እኔ በመኪናዬ ተሳቢ ጭኜ ወሰድኩላት። ኮምፒውተር ሰኩባትና የጭስ መውጫው ማርሚታ ላይ ያለው ሴንሰር ነው ብለው ቀየሩት። መብራቱ ጠፋ። ኡዶ እንደገና ወስዶ በመለሳት ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት ገና ሞተሩን ስታስነሣ ደግሞ በራ። ከዚያ በኋላ ራሷ ያዘችው። ክራንቿን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ጥርስ በምትፈትሽበት ዓይኗ ትፈትሸዋለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነገር እቆሰቁሳለሁ።

«አንቺ ጥርስሽን ብትሠሪ አይሻልም?»

«ጥርስም እንደዚሁ ነው ክሌመንስ። ሰውየው ‹ይሄኛው አመመኝ› ብሎ ይጮሃል፤ የተበላሸው ግን ጎረቤቱ ነው። ሴንሰሩ አመመኝ ቢልም ሴንሰሩ ላይሆን ይችላል።»

ባትሪውን በቴስተር ለካች፤ ደህና ነው። ካንዴላዎቹን ፈትታ አየች፤ ደህና ናቸው። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቅላ በብርሃን አየቻቸው። ሞተሩን በሚኒሞ እንዲሠራ ትታ፣ በማማሰያ እንጨት የሽቦዎቹን መጋጠሚያ እየነካካች መብራቱን ትጠብቃለች። መብራቱ ዝም። ሞተሩን አጥፍታ ስትነሣ፣ መሪውን ይዛ ወደ ግራ ስታዞረው፣ ቁልፉ ክፍት ኖሮ ቢጫው ቦግ አለ። ወደ ቀኝ ስታዞረው ጠፋ። ደግማ አዞረችው፤ ቦግ።

«ከሰልባትዮው፣ ከነዳጅ ማጠራቀሚያው ሥር ነው» አለች። «መሪው ሲዞር የሚሳብ ሽቦ አለ። ና ያዝልኝ፤ ሥጋ ስትሸከም የኖርክ ሰው።»

መቀመጫውን አነሣን፣ ብሎኖቹን ፈታች፣ ሰልባትዮውን በሁለት እጄ ብድግ አደረግኩት።

ሽታው ፊቴን በጥፊ መታኝ። ሽንት ነው፣ ግን የድመት ሽንት ከዚህ ጋር ሲተያይ ሽቶ ነው። ከሞተሩ ጎን ባለው ክፍተት ላባ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የቼሪ ፍሬ የተሰገሰገበት ጥቁር ኩስ፣ ኩስ ላይ ሌላ ኩስ ተቆልሏል። መሀሉ ላይ የርግብ ራስ አለ። ራሱ ብቻ። የሞተሩ ሙቀት በየጉዞው ሲያበስለው ከርሞ ዓይኑ ፈስሶ ሽቦው ላይ ተጣብቋል። የሽቦው ልባስ ተበጣጥሷል፣ መዳቡ እንደ ክር ወጥቶ ይታያል።

አኔግሬት አፍንጫዋን በክንዷ ሸፍና አየችው። «እኔ በዚህ ላይ ነው ተደፍቼ የሰነበትኩት» አለች። «አባዬ የሚበላውን ምግብ በዚህ ላይ ነው የጫንኩት።»

«ሸለመጥማጥ ነው» አልኳት።

የእኛ አገር ሸለመጥማጥ ደረቱ ነጭ፣ ጅራቱ ወፍራም ነው። የመኪና ሞተር ሥር መተኛት ይወዳል፤ ሽቦ በልቶ መኪና ያላቆመበት ሰው በእኛ አውራጃ በዛወርላንድ የለም። አኔግሬትም ይህን ታውቃለች። ያላወቀችው ሌላ ነገር ነበር።

«እዚህ ጣሪያችን ላይ እኮ አንድ አለ» አለች። «ስንት ዓመቱ ነው፣ አንድም ቀን አልነካኝም።»

«ወንድ ሸለመጥማጥ ሽቦ የሚበላው ርቦት አይደለም፣ ቀንቶ ነው» አልኳት። «የሌላ ወንድ ሽታ ሲያገኝ ያብዳል። ይነክሳል፣ ይቧጭራል፣ የዚያን ሽታ ለማጥፋት የራሱን ይደፋበታል። ይሄ ኩስ የሁለት ነው፤ አየሽ፣ ተደራርቧል። አኔግሬት፣ ሞተር ሳይክልሽ በሌላ ሸለመጥማጥ ቤት እያደረች ነው የምትመጣው። የእኛው ደግሞ ‹የት አደርሽ› እያላት ነው።»

ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። «የአባዬ ግርግም፣ የድሮው የከብት ጋጣ ውስጥ ነዋ» አለች። «ኡዶ እዚያ ነው የሚያቆማት።»

የርግቡን ራስ በፒንሳ ይዛ ወደ ባልዲ ጣለችው። ከዚያ ሙሉ ከሰዓቱን ስትፍቅ ዋለች፤ በሙቅ ውሃ፣ በሆምጣጤ፣ በጥርስ ብሩሽ። ሁለት ጊዜ ወደ ውጭ ወጥታ አየር ወሰደች። የተበላውን ሽቦ ጫፍ ለጫፍ አገናኝታ በማጣበቂያ ናስትሮ ጠቀለለችው። መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። መብራቱ አልበራም። ሳምንቱን ሙሉ አልበራም። ቅዳሜ ኡዶ ወሰዳት፣ እሑድ መለሳት፤ ሰኞ ጠዋት ስትከፍታት ናስትሮው ተገሽልጦ፣ ሽቦው በሌላ ቦታ ተነክሶ፣ መቀመጫው ላይ ትኩስ ኩስ ተጥሎበት ቢጫው እንደገና ይበራል።

«በቃ፣ ከምንጩ ነው መድረቅ ያለበት» አለች። ሸለመጥማጥ የዶሮ አጥር ሽቦ ላይ መራመድ ይጠላል፤ እግሩ ይሰነቀርበታልና። ሞተር ሳይክሉ በምትቆምበት መሬት ላይ ሽቦ ከተነጠፈ አይጠጋም። እኔ ቤት ጥቅል ሽቦ ነበረኝ። «ረቡዕ በመኪናዬ እወስድሻለሁ፣ ግርግሙ ውስጥ ሽቦውን አንጥፈን እንመለሳለን» አልኳት። አባቷ ደግሞ አትምጪ እንዳይላት ሳትደውል የፕሪም ኬክ ጋገረች። እግሯም ክራንች ትቶ ነበር፤ በምርኩዝ ትሄዳለች።

ረቡዕ ደረስን። ጥቅሉን ተሸክሜ ወደ ግርግሙ ሄድኩ። በሩ ፊት ሳማ ወገቤ ድረስ በቅሏል። መቀርቀሪያው ዝጎ ተጣብቋል። የጎማ ዱካ የለም፣ የተረገጠ ሣር የለም። አኔግሬት ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

«ከየት በኩል ነው የሚያስገባት?» አለች።

ጥቅሉን ሳማው ላይ አወረድኩት። እሷም ደግማ አልጠየቀችም። ኬኩን እንደያዘች ወደ ቤቱ አቀናች፤ ምርኩዟ ጠጠሩ ላይ ሲንኳኳ ይሰማኛል።

በሩ አልተቆለፈም። ስትከፍተው የወጣውን አየር ልንገራችሁ። በእኛ አገር የሐምሌ ሙቀት የቆሰለ ከርከሮ ሸሽቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ሞቶ፣ በስንተኛው ቀን ያገኘሁት ጊዜ አለ፤ እንደዚያ ነው። ከዚያ ላይ የጎመዘዘ ወተት፣ የሰው ሽንት፣ ያልተነፈሰ ክፍል ጨምሩበት። ወጥ ቤቱ ውስጥ የቆርቆሮ ምግብ ጣሳዎች ክዳናቸው እንደ ምላስ ተንጠልጥሎ ጠረጴዛውን ሞልተውታል። ድስት ውስጥ የነበረው ምን እንደሆነ አይታወቅም፣ ጠጉር አብቅሏል። ዝንቡ ሲነሣ ድምፅ አለው።

ሽማግሌው መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ነው። በዚያ ሙቀት ሹራብ ደርቧል። ጎኑ ላይ በጋዜጣ የተከደነ ባልዲ አለ። እግሩ በትራስ ልብስ ተጠቅልሎ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ የትራስ ልብሱ ቀለም ምን እንደነበረ አይለይም። እኛን ሲያይ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ፀጉሩን በእጁ ማስተካከል ነው።

«ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ ቤቱን ቀና ቀና አደርግ ነበር» አለ።

«አባዬ፣ ኡዶ መቼ ነው የመጣው?»

«ቅዳሜ።»

«የትኛው ቅዳሜ?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። «ደግ ልጅ ነው። ሥራ በዝቶበት ነው።»

«አባዬ።»

«ከፋሲካ በፊት» አለ።

አኔግሬት ኬኩን የምታስቀምጥበት ንጹሕ ቦታ ፈለገች። አላገኘችም። መልሳ ለእኔ ሰጠችኝ።

«ነርሷስ?»

«ኡዶ ‹አትምጪ፣ እኔ እዚሁ ገብቼ ልኖር ነው› ብሎ መለሳት። ለእኔም ተመችቶኝ ነበር፤ ባዕድ ሰው እግሬን ሲያገላብጥ አልወድም።»

«በስልክ ስጠይቅህ ለምን አልነገርከኝም? ማታ ማታ እኮ እደውልልሃለሁ።»

ሽማግሌው የሹራቡን እጅጌ ጎተተ። «ኡዶ ‹ካወቀች አረጋውያን ቤት ትከትሃለች፤ ቦታም አስይዛልሃለች› አለኝ» አለ። «እኔ ደግሞ ከዚህ መውጣት አልፈልግም። ትንሽ ከታገሥኩ ይደርቃል ብዬ ነው።»

አኔግሬት እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ታጠበች፣ ንጹሕ ጎድጓዳ ሳህን ፈልጋ ሙቅ ውሃ ቀዳች፣ መሬት ላይ ተንበረከከች። የተሰበረው እግሯ እንዴት እንደፈቀደላት አላውቅም። የትራስ ልብሱ ተጣብቆ ስለነበር በውሃ እያራሰች ቀስ እያለች ትገሸልጠው ጀመር። መጨረሻው ሲለቅ ከሥሩ ነጫጭ ነገሮች ተንቀሳቀሱ። ትል ነው። ሁለቱ ጣቶች ጠቁረዋል።

እኔ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አንጀት ያጠብኩት ሰውዬ፣ ኬኩን እንደያዝኩ ወጥቼ ሳማው ላይ አስታወክሁ። እንባዬ እስኪመጣ። ያስታወከኝ እግሩ ብቻ አልነበረም። በዚያች ሰዓት ትዝ ያለኝ ኡዶ እሑድ እሑድ ማታ ጠረጴዛችን ላይ ተቀምጦ «አባዬ ዛሬ ሁለት ሳህን በላ» ሲል ነው።

ስመለስ አኔግሬት እግሩን እያጠበች ስለ ወፍ ታወራዋለች። ጥቁርና ነጮቹ ወፎች ዘንድሮም ጣሪያው ሥር ጎጆ ሠርተው እንደሆነ ጠየቀችው። «ሠርተዋል፣ ሁለት ጎጆ» አለ ሽማግሌው። ድምፁ የሕፃን ሆኗል። እሷ አላስታወከችም፣ አላለቀሰችም። አንገቷ ላይ ብቻ አንድ ሥር ተገትሮ ይመታል።

«አምቡላንስ ጥራ» አለችኝ ቀና ሳትል።

እስኪመጣ ድረስ እኔ ባልዲውን ደፋሁ፣ ጣሳውን በከረጢት ሰበሰብኩ፣ መስኮት ከፈትኩ። ከእሷ ጠርሙሶች አንዲትም አላገኘሁም። አንሶላ የለም፣ ፋሻ የለም፣ ማርማላታ የለም። አምቡላንሱ ሲመጣ አብራው ሄደች። እኔ ጥቅል ሽቦዬን መልሼ መኪና ላይ ጫንኩ።

ለኡዶ አልደወለችም። እኔ ልደውል ስል «ተወው፣ ቅዳሜ ይመጣል» አለችኝ።

ቅዳሜ መጣ። እያፏጨ፣ የራስ ቁሩን በክንዱ አንጠልጥሎ። እኛ ጋራዥ ውስጥ ነበርን፤ ሰልባትዮው ተነሥቶ ሽቦዎቹ እንደተገለጡ ናቸው።

«ኧረ እቴ፣ ገና አልጨረስሽም?» አለ። «እኔ ደግሞ ልሄድ ነው፤ አባዬ ይጠብቀኛል።»

«አባዬ ባለፈው እሑድ እንዴት ነበር?» አለችው።

«ምን የመሰለ! ያቺን የዶሮ ሾርባሽን ሙልጭ አድርጎ ጠጣ። ‹ከእናትህ ሾርባ ትበልጣለች› አለኝ። ፀሐይ ላይ አውጥቼ አስቀመጥኩት፣ ጢሙን ላጨሁት። ቁስሉም ደርቋል፤ ቅርፊት ይዟል።»

«ቅርፊት ይዟል?»

«ይሄን ታክላለች» ብሎ አውራ ጣቱን አሳያት።

የሚዋሽ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ገበያ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። እንደዚህ ቁልጭ አድርጎ ጢም ድረስ እየላጨ የሚዋሽ ግን አላየሁም። ጀርባዬን ቀፈፈኝ፤ አልጋ ሥር እጅ ሰድደው እርጥብ ነገር ሲነኩ እንደሚቀፈው።

«አባዬ ረቡዕ ሆስፒታል ገብቷል» አለችው። «እኔ ነኝ ያስገባሁት። ሁለት ጣቱን ቆረጡት።»

የኡዶ ፊት ላይ ፈገግታው ወዲያው አልወረደም፤ መውረጃ አጥቶ እዚያው ቀረ። ከዚያ ቁጭ አለ፣ ባዶ የዘይት ሣጥን ላይ።

«የት ነበር የምታድረው?» አለችው።

«ግድቡ ሐይቅ ጋ። ጓደኞቼ እዚያ ተጎታች ቤት፣ ካራቫን አላቸው። ዓሣ እናጠምዳለን።»

«ካራቫኑ ሥር ሸለመጥማጥ አለ?» አልኩት እኔ።

ያበድኩ መስሎት አየኝ። «አለ። ሌሊት ሌሊት ይንጫጫል። ምነው?»



«ሾርባዬስ?» አለች አኔግሬት።

«በላነው።»

«አንሶላውስ?»

«አኔ፣ ተይ እንጂ…»

«ተኛችሁበት?»

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አፉ ተከፈተና መናገር ጀመረ፤ ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ሲናገር ይሆናል። «ሄጄ ነበር» አለ። «ሁለት ቅዳሜ ሄጃለሁ፣ እምልልሻለሁ። ፋሻውን ስከፍተው… አልቻልኩም። ግቢው ውስጥ አስመለሰኝ። እጄን ታጠብኩ፣ ደግሜ ታጠብኩ፣ ሽታው አልለቅም አለኝ። ዳቦ ስቆርስ ይሸተኛል፣ ስተኛ ይሸተኛል። በሚቀጥለው ቅዳሜ መንገዱ መገንጠያ ላይ ስደርስ መሪው በራሱ ወደ ግድቡ ዞረ። አንቺ ታውቂኛለሽ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልችልም። አንቺ ሆድሽ ጠንካራ ነው።»

«እሺ፣ አንተ ተጸየፍክ» አለችው። ድምፏ ከፍ አላለም። «ነርሷ አልተጸየፈችም። እሷን ለምን አባረርካት?»

መሬት መሬት ያያል። «ትነግርሻለች ብዬ» አለ።

«አባዬንም በእኔ ያስፈራራኸው ለዚሁ ነው።»

«ሞተር ሳይክሏን እንዳትነሺኝ ነበር» አለ። ከዚያ የተናገረው ነገር ለራሱም ጆሮ እንዴት እንደተሰማው ገባው መሰለኝ፣ ተነሥቶ ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ። አኔግሬት ወደ ኋላ ሸሸች። የርግቡን ራስ በፒንሳ ስትይዝ ፊቷ እንዴት እንደነበር አይቻለሁ፤ ያው ፊት ነው። ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር።

«ቁልፉን አስቀምጥና ሂድ» አለችው።

ቁልፉን ሣጥኑ ላይ አስቀመጠ። የራስ ቁሩን አንጠልጥሎ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ሲሄድ ከኋላው አየነው። አኔግሬት ገብታ እጇን ታጠበች፤ ምንም ሳትነካው።

ያን ሰሞን የተበላውን ሽቦ በሙሉ አውጥታ በአዲስ ቀየረችው። ሞተር ሳይክሏ ሌላ ቦታ ማደር ስትተው የጣሪያችንም ሸለመጥማጥ ቅናቱ በረደለት፤ መብራቱ ከዚያ ወዲህ አልበራም። የጎን ሣጥኖቹን ግን ነቅላ ጣለቻቸው። አጥቤያቸዋለሁ፣ አሁንም ይሸቱኛል ትላለች። እኔ አሽትቼያቸው ነበር፤ የሳሙና ሽታ ብቻ ነው ያላቸው።

ሽማግሌው እግሩ ተረፈለት። ሆስፒታል ሳለ ኡዶ አንድ ቀን አበባ ይዞ መጥቶ ኮሪደር ላይ ሲንቆራጠጥ አኔግሬት አየችውና ሳታናግረው አለፈች። አባትየው ግን አስጠራው። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር አሉ። «ልጄ ነው፣ ምን ላድርገው?» አለኝ ሽማግሌው በኋላ። «ድሮም ደም አይወድም። ዶሮ ሲታረድ አልጋ ሥር ነበር የሚገባው።»

በነሐሴ ሄሪበርት ወደ አኔግሬት ቤት ገባ፤ ወደ ታችኛው ክፍል፣ በገዛ ፈቃዱ። ቁስሉን በየቀኑ እሷ ትጠርጋለች። እያደር እየጠበበ ነው፣ ግን ገና ይሸታል። እሷ ስትጠርግ እሱ በኀፍረት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሠራሁትን ቋሊማ ይዤ ሄድኩ። በሩ ተንኳኳ፤ ኡዶ ነው። ጢሙን አልተላጨም። አኔግሬት በሩ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችው፤ ይመለሳል ብዬ ነበር። ከዚያ ገለል አለችለት። እሱ ወደ አባቱ ክፍል ሲገባ ተከትላው ገባችና ከመደርደሪያው ሁለት የላስቲክ ጓንት አውጥታ እጁ ላይ አኖረችለት።

«ዛሬ አንተ ነህ» አለችው።

«አኔ…»

«ሳህኑ እዚያ ነው። ውሃው ለብ ያለ ይሁን።»

ሽማግሌው «ተይው ልጄን» ሊል አፉን ከፈተ፤ ዓይኗን ሲያይ ዘጋው።

ኡዶ ተንበረከከ። ፋሻውን ሲፈታ ከግንባሩ ላብ ይንጠባጠባል። የመጨረሻው ጨርቅ ሲነሣ ራሱን አዙሮ አፉን በትከሻው ደፈነ። ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔ ከበሩ ቆሜ አያለሁ። አኔግሬት እጇን አጣጥፋ ግድግዳ ተደግፋለች፤ ፊቷ ላይ ርኅራኄ የሚባል ነገር የለም። ኡዶ ደጋግሞ ቃተተ፣ ግን አልተነሣም። ጠረገው፣ ቅባቱን አብዝቶ ቀባው፣ ፋሻውን ጠቀለለው። ጠማማ ነው፤ አንድ ጎኑ ይላላል፣ ሌላው ጎኑ ይጠብቃል። ከጨረሰ በኋላ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠ። ሲያስመልስ ሰማነው።

ሲሄድ ደህና ሁኚ አላት። ራሷን ነቀነቀችለት፣ ያ ብቻ ነው።

በሩ እንደተዘጋ መቀሷን አነሣች፣ አዲስ ፋሻ አወጣችና አባቷ እግር ሥር ተቀመጠች። «ይሄ እስከ ማታም አይቆይም» አለች። «እንደገና ልሥራው።»

ሽማግሌው እግሩን ወደ ራሱ ሰበሰበው። «እስከ ነገ ይቆይ» አለ።

«አባዬ፣ ላልቷል እኮ። እየው።»

«አየሁት። እስከ ነገ ይቆይልኝ።»

መቀሷን እንደያዘች ፋሻውን አየችው። አፍንጫዋ ተኮማተረ። ኡዶ የነካው ነገር ሁሉ ገና እንደሚሸታት እኔ አውቃለሁ። ቢሆንም መቀሷን መልሳ መደርደሪያው ላይ አኖረችው፣ ጓንቶቹን ከመሬት በሁለት ጣቷ አንሥታ ቅርጫት ውስጥ ጣለቻቸው፣ ከዚያ እኔን «ቋሊማውን ጥበስልን፣ አባዬ ርቦታል» አለችኝ።